የፋይበር ዝርጋታ ሥራ ልጀምር ነው፤ ሙያውን የምታውቁ ምከሩኝ

የአዳማው ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከቴክኒክና ሙያ በሃርድዌርና ኔትወርክ ደረጃ 4 ጨርሻለሁ፤ ሲኦሲውንም (የብቃት ምዘናውን) አልፌያለሁ። እስካሁን አዳማ አንድ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ነበርኩ። አሁን አዲስ አበባ የቤት ለቤት የፋይበር ኢንተርኔት መስመር የሚዘረጋ አንድ ሳብ ኮንትራክተር ና ጀምር ብሎኛል። ክፍያው በወር አይደለም፤ ባገናኘሁት ቤት ልክ ነው። ሥልጠና አላችሁ ወይ ብዬ ስጠይቅ «ከልጆቹ ጋር እየወጣህ ትለምደዋለህ» አሉኝ።

አንድ ጓደኛዬ ደግሞ የሞባይል ኔትወርክ ታወር ላይ ይሠራል። እዚያ ይሻልሃል ይለኛል። እናቴ ግን ታወር የሚለውን ነገር መስማት አትፈልግም።

ሥራው በእውነት ምን ይመስላል? ከኮምፒውተር ጥገና የመጣ ሰው ምን ይጎድለዋል? የመጀመሪያዎቹን ወራት ምን ላይ ላተኩር? በዚህ ሙያ ያላችሁ ንገሩኝ።

ጥንድ መስመር፦

ወንድሜ፣ ሥራ በማግኘትህ ደስ ብሎኛል። ረዘም አድርጌ ነው የምጽፍልህ፤ ታገሰኝ።

እኔ ወደዚህ ሙያ የገባሁት ኢትዮ ቴሌኮም በ2003 ዓ.ም. ከመቋቋሙ በፊት ነው። ያኔ ነገሩ ሁሉ መዳብ ነበር። የስልክ መስመሮች ሁሉ የሚገናኙበት ኤምዲኤፍ ክፍል ሽቦ ስንመታ፣ መንገድ ዳር ካቢኔ ከፍተን የአንድ ስልክ ሽቦ ጥንድ ስንፈልግ ነው ያደግነው። ክረምት ሲገባ ሽቦው የተቀጠለበት ጆይንት ውሃ ይጠጣና የሰው ስልክ መንኮሻኮሽ ይጀምራል። ነሐሴ ላይ እረፍት የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። አሁን መዳቡ ቦታውን እየለቀቀ ነው። ያኔ የለመድነው ግን ብዙው ዛሬም ይሠራል። ቀለሞቹን እንኳ እይ፦ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ግራጫ። የመዳብ ጥንድ የሚቆጠረው በዚህ ተራ ነበር፤ አብዛኛው የፋይበር ኬብልም የሚጀምረው በዚሁ ነው። ከዚያ ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ ሮዝና ውሃ ሰማያዊ ተከትለው 12 ይሞላሉ። ይህን ተራ እንቅልፍህ ውስጥ ቢጠይቁህ እስክትመልስ ድረስ አጥናው። ምሽት ላይ ክሎዠር (ቅጥሎቹ የሚቀመጡበት ሳጥን) ውስጥ በባትሪ ብርሃን ግራጫና ነጭ ሲያምታታህ ተራውን ማወቅህ ያወጣሃል።

ከሁሉም በላይ ልነግርህ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሳትለካ አትንካ። ለክተህም ሳትጽፍ ከሰው ቤት አትውጣ።

ለምን እንደምለው ላስረዳህ። የቤት ለቤት ፋይበር አሠራሩ ቀላል ነው። ማዕከሉ ላይ ካለው፣ ኦኤልቲ ከሚባለው መሣሪያ ብርሃን ይወጣል። መንገድ ላይ ስፕሊተር ይከፋፍለዋል። ከዚያ ደንበኛው ቤት ያለው ኦኤንቲ፣ ሰዉ ሞደም የሚለው ማለት ነው፣ ይቀበለዋል። ወደ ቤት የሚመጣው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 1490 ናኖሜትር ነው፤ የሚመለሰው 1310። ሁለቱም በአንዲት የመስታወት ክር ይሄዳሉ። ሁለቱንም ዓይን አያያቸውም። ስለዚህ «ብርሃን አለ ወይ» ብለህ ጫፉን በዓይንህ እንዳታይ። አታየውም፤ ዓይንህን ግን ሊጎዳው ይችላል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የብርሃኑ ጉልበት በዲቢኤም ይለካል፤ በመንገድ የሚቀንሰው ደግሞ በዲቢ። ከማዕከሉ ሲወጣ ጉልበቱ ፖዘቲቭ 3 ዲቢኤም አካባቢ ነው እንበል። 32 ቦታ ሲከፈል ብቻውን 17 ዲቢ ገደማ ይሄዳል። በኪሎ ሜትሩ፣ በኮኔክተሩ፣ በቅጥሉ ትንሽ ትንሽ ይቀነሳል። ስለዚህ ቤት ስትደርስ የብርሃኑን ጉልበት የሚለካው ፓወር ሜትር ኔጋቲቭ 18፣ 20 ቢልህ ጤነኛ ነው። የተለመደው ኦኤንቲ እስከ ኔጋቲቭ 27 ድረስ ይሠራል። ከዚያ በታች ሲወርድ ቀዩ መብራት ይበራል፣ ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል፣ ደንበኛው መደወል ይጀምራል። በየ3 ዲቢው ብርሃኑ በግማሽ እንደሚቀንስ አትርሳ። ኔጋቲቭ 26 ላይ «ይሠራል እኮ» ብለህ ከወጣህ ለነገው ሰው ችግር ትተህለት ነው የሄድከው። ብዙ ጊዜ ደግሞ የነገው ሰው አንተው ራስህ ነህ።

አንድ ያየሁትን ልንገርህ። ሰሚት አካባቢ አንድ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ደንበኛዋ «ማታ ማታ ይጠፋል» ይላሉ። ከእኔ በፊት የመጡት ልጆች ሞደሙን ቀይረዋል፣ ኮኔክተሩን እንደገና ሠርተዋል። ቀን ስለካው ኔጋቲቭ 20፤ ምንም አይልም። ሴትየዋን አስቀምጬ ጠየቅኳቸው። ማታ ቤት ውስጥ ምን ይለወጣል? ማን ይገባል? ምን ይበራል? ምን ይዘጋል? «ከምሽቱ በኋላ በረንዳውን እንዘጋለን፣ ብርድ ነው» አሉኝ። ገመዱ የገባው በበረንዳው በር ጥግ ነበር። ሜትሩን ሰክቼ ዓይኔን ቁጥሩ ላይ አድርጌ፣ ልጃቸውን በሩን ቀስ ብለህ ግፋው አልኩት። 20... 22... 25። በሩ ግጥም ሲል 29። ገመዱ አልተቆረጠም፤ ማጠፊያው ጋ ተጨምቆ ብርሃኑ እያመለጠ ነበር። በግድግዳው በሌላ በኩል ቀዳዳ በስተን አዙረን አስገባነው፤ በሩ ተዘግቶም ኔጋቲቭ 20 ሆነ። ያን የነገሩኝ ሜትሩና ሴትየዋ ናቸው። ደንበኛን ሳትቸኩል ስማው። «መቼ ይጠፋል?» የሚለው ጥያቄ ብዙ መሣሪያ ያስንቃል።

ከኮምፒውተር ጥገና ስለመጣህ የሚከብድህ ንጽሕናው ይመስለኛል። ማዘርቦርድ ላይ ያለ አቧራ በቡሩሽ ይሄዳል። እዚህ ግን የብርሃኑ መተላለፊያ 9 ማይክሮን ገደማ ነው፤ የመስታወቱ ሙሉ ውፍረት ራሱ 125 ማይክሮን። አንዲት የአቧራ ቅንጣት መሀሉ ላይ ከተቀመጠች ደህና ኮኔክተር ይበላሽብሃል። በመጋቢት ነፋስ መንገድ ዳር ፋይበር ስትቀጥል ድንኳን ወይም የመኪና ጀርባ ፈልግ። ቅደም ተከተሉን አትዝለል። ትልጣለህ፣ በንጹሕ አልኮል ትጠርጋለህ፣ ክሩን ቀጥ አድርጎ በሚቆርጠው ክሊቨር ትቆርጣለህ፣ ሁለቱን ጫፎች አቅልጦ ወደሚያገናኘው ማሽን፣ ወደ ስፕላይሰሩ ታስገባለህ። ከቆረጥክ በኋላ ጫፉን ምንም ነገር እንዳይነካው። ቅጥሉን የሚሸፍነውን ቱቦ፣ ስሊቩን፣ ከመላጥህ በፊት አስገባ፤ ረስተኸው ከቀጠልክ ቆርጠህ እንደገና ከመጀመር ሌላ መፍትሔ የለውም። ማሽኑ ቅጥሉ ላይ የሚባክነው 0.02 ወይም 0.03 ዲቢ ነው ካለህ ጥሩ ነው። 0.2 ካለህ ድገመው፤ ማንም ባያይህም ድገመው።

የተቆረጠውን ስብርባሪ መሬት ላይ አትጣል። ለዓይን አይታይም፣ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ይሰበራል። ትንሽ ክዳን ያለው ዕቃ ያዝ፣ እዚያ ሰብስበው። በሰው ሳሎን ምንጣፍ ላይ ሕፃን ይድሃል። ቡና ካቀረቡልህም እጅህን ሳትታጠብ ስኒ እንዳትነካ።

ሌላ ብዙ ልጆች የሚስቱት አለ። አረንጓዴ ኮኔክተር እና ሰማያዊ ኮኔክተር አይጋቡም። የአረንጓዴው ጫፍ 8 ዲግሪ ዘንበል ብሎ የተቆረጠ ነው፤ የሰማያዊው ቀጥ ያለ ነው። ይገባሉ፣ ቀጭ ይላሉ፤ መሀላቸው ግን ክፍተት ይቀራል። ብርሃኑ እዚያ ይባክናል።

ምሶሶ ላይ ከመውጣትህ በፊት ደግሞ የባሕር ዛፉን ምሶሶ ሥሩን ፈትሸው። በመዶሻ ምታው፤ ጤነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰ የታፈነ ነው። ከአፈሩ ጥቂት ዝቅ ብለህ በስክሩድራይቨር ውጋው። የሚበሰብሰው እዚያ ነው፤ ላይ ላዩን አይታይም። የመብራት መስመር አብሮት ካለ ደግሞ ርቀትህን ጠብቅ። ከዘነበ አትውጣ። አለቃ ቢቆጣም አትውጣ።

የማማዋ፦

ጋሼ ሁሉንም ብለውታል። እኔ ስለ ታወሩ ልጨምር፤ የምሠራው እዚያ ስለሆነ።

ወንድሜ፣ እናትህ ቢፈሩ ልክ ናቸው። የእኔም እናት እስከ ዛሬ ሥራ ልወጣ ስል ትጸልያለች። ግን ሰው የሚወድቀው ከፍታው ስላዞረው ብቻ አይደለም። ሰው የሚወድቀው «ለአንድ ደቂቃ ነው» ብሎ ከታወሩ ጋር ያሰረውን መንጠቆ ሲፈታ ነው። ሁለት መንጠቆ ይኑርህ። አንዱን ሳታስር ሌላውን አትፍታ። ይህ ለወጡም ለወረዱም፣ ለጀማሪም ለነባርም ነው። ከላይ ሰው ካለ ታች ማንም አይቆምም፤ ዘበኛውም፣ ፍየል ጠባቂውም። ከ40 ሜትር የወደቀች ብሎን ሰው ትገድላለች።

አንቴና ፊት ለመቆም ካሰብክ መጀመሪያ ኔትወርኩን ለሚቆጣጠረው ክፍል፣ ለኖክ፣ ደውልና ያንን ሴክተር (በዚያ አቅጣጫ የሚያሰራጨውን አንቴና) አስጠፋ። እስኪያረጋግጡልህ ጠብቅ። ጨረሩ አይታይም፣ አይሸትም። ከቅርብ ሆነህ ረጅም ሰዓት ከቆየህ ሰውነትህን ያሞቃል።

ከሥራው የምወደው አቅጣጫ ማስተካከሉን ነው። ኢንጂነሩ «ይህን ሴክተር 120 ዲግሪ አድርጉት» ይላል። አዲስ ልጆች ኮምፓሱን ታወሩ ላይ ሆነው ያነባሉ። ብረቱ ኮምፓሱን ይጎትተዋል፤ ቁጥሩ ይዋሻል። ከታወሩ ራቅ ብለህ መሬት ላይ ቆመህ አንቴናውን ከፊት ወይም ከኋላ አይተህ አንብብ። ላይ ያለው ሰው በሬዲዮ እየሰማህ ያዞረዋል። በትክክል ሲገጥም በቀጣዩ ቀን ኔትወርክ ያልነበራት መንደር ስልክ ይገባላታል። እኔ አንድ ጊዜ ከጣቢያው ስንመለስ መንገድ ላይ ያገኘናቸው እናት አረብ አገር ካለች ልጃቸው ጋር ከቤታቸው ደጃፍ ሆነው ሲያወሩ አይቻለሁ። ከዚያ በፊት ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ይወጡ ነበር።

ታወሩ ሥር ባለው የመሣሪያ ክፍል፣ ሼልተሩ ውስጥ ያለውንም ፍራ። 48 ቮልት ስለሆነ «አይመታም» ይሉሃል። እውነት ነው፣ ቮልቱ ትንሽ ነው። ባትሪዎቹ ውስጥ ያለው አምፒር ግን ከባድ ነው። ቀለበት፣ ሰዓት፣ የአንገት ሐብል አውልቅ። ቁልፍ መፍቻህን በፕላስተር ጠቅልል። ባትሪውን በመፍቻ ያገናኘ ሰው መፍቻው እጁ ላይ ሲቀልጥ አይቻለሁ። ሌላ ነገር፦ በቴሌኮም ፖዘቲቩ ነው መሬት ላይ የሚታሰረው፤ ለዚህ ነው ኔጋቲቭ 48 የሚባለው። ከመኪና ባትሪ የመጣ ሰው ተገላቢጦሽ ይሆንበታል። በድሮው የመዳብ ዘመን ሽቦው በእርጥበት እንዳይበላ የተመረጠ ዘዴ ነው።

ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የታወር ሥራ በዝቷል። ባለሙያ ይፈለጋል። ግን ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፋይበሩን ልመድ። ታወሩ ሥር ያለው መስመርም ዛሬ በብዛት ፋይበር ነው። ፋይበር የሚያውቅ የታወር ልጅ ሁለት ሰው ነው።

የአዳማው ልጅ፦

ጋሼ፣ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ ተብራርቶ ይጻፍልኛል ብዬ አላሰብኩም።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ጋሼ፣ ሰዎቹን የጽሑፍ ውል ጠየቅኳቸው፤ «እኛ በመተማመን ነው የምንሠራው» አሉኝ። ሃርነስ (ከፍታ ላይ የሚታጠቁት መታጠቂያ) እና ጓንትም ራስህ ግዛ ብለዋል። ልግባ ወይስ ልተው? ሁለተኛ፣ ኬብል መንገድ ላይ ሲቆረጥ ቦታው እንዴት ነው የሚገኘው? ኦቲዲአር ይባላል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ትምህርት ቤት ግን በዓይናችን አላየነውም።

ጥንድ መስመር፦

ልጄ፣ በውሉ ልጀምር። በመተማመን መሥራት ጥሩ ነው። ወረቀቱ ላይ ሲጻፍ ደግሞ መተማመኑ አይቀንስም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ ማቅረብን በአሠሪው ላይ ነው የጣለው። በትሕትና ንገራቸው። ሃርነስ፣ ሄልሜት፣ ጓንት የእነሱ ግዴታ ነው። እኔ ራሴ በአንድ ሳብ ኮንትራክተር ሥር ሠርቼ ገንዘቤን ሳላገኝ የቀረሁበት ጊዜ አለ። ቀን ከሌሊት ስንሠራ የነበርን ልጆች ሁላችንም እጃችን ባዶ ቀረ፤ ወረቀት የያዘ አንድም አልነበረንም። ያ ቁጭት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም፤ ለዚህ ነው ለአንተ የምጨነቀው።

ውሉ ላይ ሦስት ነገር ግልጽ ይሁን። አንድ ቤት ስንት ይከፈላል? መቼ ይከፈላል? መስመሩ በኋላ ቢበላሽ ማን በነፃ ይመለሳል? በቤት ልክ የሚከፈለው ሰው የሚጎዳው በዚህች በሦስተኛዋ ነው። ከወር በኋላ ሌላ ሰው መንገድ ቆፍሮ ኬብል ቆርጦ «የሠራኸው ተበላሸ፣ ና ጠግን» ይሉሃል። ለክቶ ጽፎ የወጣ ሰው ግን መልስ አለው። ቀኑን፣ የቤቱ መስመር የሚነሳበትን የማከፋፈያ ሳጥን ቁጥር፣ ሳጥኑ ላይ ያለውን ዲቢኤም፣ ቤት ውስጥ ያለውን ዲቢኤም ጻፍ። ሜትሩን ሳጥኑ አጠገብ ይዘህ በስልክህ ፎቶ አንሳው። ይህ ፎቶ ደሞዝህ ነው።

ወደ ኦቲዲአር ልለፍ። መሣሪያው አጭር የብርሃን ምት ይልካል። ከክሩ ራሱ፣ ከኮኔክተርና ከስብራት ጥቂት ብርሃን ተመልሶ ይመጣል። ለመመለስ የወሰደበትን ጊዜ ቆጥሮ ርቀት ይነግርሃል። ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ የሚወርድ መስመር ታያለህ። ጥሩ ቅጥል ላይ ትንሽ ደረጃ ይወርዳል፤ ኮኔክተር ላይ ሹል ጫፍ ይወጣል፤ የተቆረጠበት ላይ ይወድቅና ከዚያ በኋላ ጫጫታ ብቻ ይቀራል።

አሁን ትምህርት ቤት የማይነግሩህን ልንገርህ። መሣሪያው 1840 ሜትር ቢልህ በመኪና 1840 ሜትር ነድተህ አትቁም። የኬብሉ ርዝመትና የመንገዱ ርዝመት አንድ አይደሉም። ማንሆሉ ውስጥ የተጠቀለለ ትርፍ አለ፣ ምሶሶው ላይ የተንጠለጠለ ጥቅልል አለ፣ ቱቦው ውስጥ ክሩ ራሱ እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው። ትክክለኛው ቦታ ብዙ ጊዜ ከገመትከው ቀረብ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ መጀመሪያ የምታውቀው ክሎዠር ስንት ሜትር ላይ እንደሚታይ እይ። ከዚያ ካለው የቀረውን ብቻ ቁጠር። ከተቻለም ከሌላው ጫፍ ደግመህ ለካ። ሁለቱ መለኪያዎች የሚገናኙበት ላይ ሂድ።

ከዚያ ዓይንህን ተጠቀም። አዲስ አፈር አለ? ቆፋሪ ማሽን ቆሟል? የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ መስመር ከምሶሶ ወደ መሬት ወርዷል፣ ብዙ መንገድም ተቆፍሯል። ቁፋሮ ባለበት ሰፈር ጠዋት ጠዋት የሠራተኞቹን ካቦ ሰላም በል። ስልክህን ስጠው። «ኬብል ከታየህ ሳትነካ ደውልልኝ» በለው። ብዙ ሌሊት ያተርፍልሃል። ማንሆል ውስጥ ደግሞ አይጥ አለ፤ ቱቦው ካልተደፈነ ገብታ ትበላዋለች። አፉን መድፈን የዝርጋታው ሥራ አካል ነው፤ አልፈኸው አትሂድ።

ከአሽበርን፦

ወንድሞቼ፣ ከአሜሪካ ቨርጂኒያ ነው የምጽፈው። የእኔም ጅምር ሽቦና ምሶሶ ነበር። አሁን የምሠራው ዳታ ሴንተር ውስጥ ነው። ይህ አካባቢ በዓለም ላይ ዳታ ሴንተር በብዛት ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ የሐበሻ ልጅም በየፈረቃው ታገኛለህ።

ሥራው ከቤት ለቤት ይለያል። ምሶሶ የለም፣ ዝናብ የለም። በአንዲት ኮኔክተር 12 ክር ወይም ከዚያ በላይ የሚገባባቸው ገመዶች አሉ። እያንዳንዷ በማይክሮስኮፕ ታይታ፣ ተጠርጋ፣ ደግሞ ታይታ ነው የምትሰካው። ሌብል የሌለው ገመድ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። ጋሼ «ለክተህ ጻፍ» ያሉት እዚህ ሕግ ነው፤ የመለኪያው ውጤት ካልተያያዘ ሥራው አልተረከበም፣ ክፍያም የለም።

ለአዳማው ወንድሜ የምለው፦ አገር ቤት እያለህ የሠራኸውን በፎቶና በቁጥር ሰብስብ። ፋይበር ኦፕቲክ አሶሲዬሽን የሚባለው ድርጅት ሲኤፍኦቲ የሚባል የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ብዙ ቦታ ይታወቃል። ድረ ገጹ ላይ በነፃ የሚነበብ ትምህርትም አለው። ኔት ባገኘህበት ቀን አንብበው።

የአዳማው ልጅ፦

ውሉን በጽሑፍ ሊሰጡኝ ተስማምተዋል። ሄልሜትና ሃርነስም ከእነሱ ነው። ሰኞ እጀምራለሁ። እናቴም ፋይበር መሆኑን ስትሰማ ቀለል አላት። እጄ ላይ ጥቂት ብር አለች፤ የመጀመሪያ መሣሪያ ምን ልግዛ? ስፕላይሰር አልችልም።

ጥንድ መስመር፦

ስፕላይሰር ለአሁኑ አያስፈልግህም፤ እሱ የድርጅቱ ነው። አንተ ፓወር ሜትር ግዛ። ውድ መሆን የለበትም፤ 1310 እና 1490 የሚያነብ ይሁን። ስትገዛ ሱቁ ውስጥ ከሌላ ሜትር ጋር አስተያየው፤ በአንድ መስመር ላይ የሁለቱ ንባብ ብዙ ከተራራቀ አትግዛው። ቀጥሎ ቀይ መብራት የሚያሳየውን የብዕር ዓይነት ግዛ። ቤት ውስጥ ገመዱ የተሰበረበት ላይ ቀዩ ብርሃን በልባሱ በኩል ይወጣል። ከዚያ የኮኔክተር መጥረጊያ ብዕርና አንድ ጥሩ ክሊቨር። ክሊቨሩ ላይ አትቆጥብ። ምላጩ ሲደነዝዝ ቦታውን አዙረው፣ ሲያልቅ ቀይረው። መጥፎ ቅጥል ስታገኝ ማሽኑን ከመውቀስህ በፊት ምላጩን እይ።

ሰኞ ስትወጣ ከሚወስዱህ ልጆች መሀል ሜትሩን ከኪሱ ቶሎ የሚያወጣውን እይና ከእሱ ጋር መድበኝ በል። የለካኸው ቁጥር ግራ ካጋባህ እዚሁ ጻፍልኝ፤ ሳጥኑ ላይ ስንት እንዳለና ቤት ውስጥ ስንት እንዳለ ሁለቱንም አስቀምጥ።